ስድስት ሺህ ቮልት ያለው ሹራብ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

አዲሷ አለቃችን ዛሬ ከትሮንሃይም ከተማ ገባች። ቪልዴ ትባላለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን የላም ማለቢያ ማሽን ስፈታ እሷ ገና ዳዴ ትል ነበር።

ለአምስታችን ቴክኒሻኖች አንድ አንድ ሰማያዊ የእጅ ማሰሪያ አደለችን። ማሰሪያው ረጅም ሽቦ አለው፤ የሽቦው ጫፍ የማሽኑ ብረት ላይ ይቆነጠጣል፤ ሰውየውም እንደ ፍየል ታስሮ ይሠራል። በክረምት ደረቅ አየር ሰውነታችን ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ ለእኛ ሳይታወቀን የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይጎዳዋል አለች። በጨዋነት አዳመጥኳት። ሰው ለእንግዳ ጨዋ መሆን አለበት።

ከዚያ ፎርም መጣ። ከከተማ የመጣ ሰው ያለ ፎርም አይመጣም። ለእያንዳንዱ ሥራ አምስት ሳጥን ላይ ምልክት እናደርጋለን፦ ኃይሉ ጠፍቷል፤ የራስህ ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ተቆልፏል፤ በቴስተር ተለክቶ ዜሮ ሆኗል፤ አምስት ደቂቃ ተጠብቋል፤ ማሰሪያው ታስሯል፣ ቆዳም ይነካል። የመጀመሪያዎቹን አራቱን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም። ኃይል ከጠፋ በኋላም ካፓሲተር ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ኤሌክትሪክ እንዳለ ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ በየቀኑ ይነግረኛል። አምስተኛው ሳጥን ግን የፍየል ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 11

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። ሲግኔ ሮቦቱ ቆመ ብላ ደወለች።

ሲግኔ የሟች ባለቤቴ የጉንቮር ታናሽ እህት ናት። ሸለቆው ጫፍ ላይ ሠላሳ ስምንት ላሞች አሏት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ቀኝ ትከሻዋ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምራ ስታልብበት አልቋል። የዛሬ አራት ዓመት የማለቢያውን ሮቦት ስትገዛ፣ ይሄ ማሽን አይደለም፣ ትከሻዬ ነው ብላኝ ነበር። ላሞቹ ሲያሰኛቸው ራሳቸው ይገባሉ፣ ክንዱ ተዘርግቶ ያልባቸዋል፤ እሷ ትተኛለች።

ቦርድ ለመቀየር አልቸኩልም። ሳይመረምር ቦርድ የሚቀይር ቴክኒሻን ራሴን አመመኝ ላለው ሁሉ ጥርስ እንደሚነቅል ሐኪም ነው። ፊውዙን አየሁ፣ ገመዱን አየሁ፣ የሚገባውን ኃይል ለካሁ፤ ሁሉም ደህና። ስለዚህ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ቦርድ ነው። አጠፋሁ፣ ቀይ ጓጉንቸሬን ሰቀልኩ፣ ለካሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ሽቦዎቹን ከመንቀሌ በፊት ፎቶ አነሳሁ። በአርባ ደቂቃ ጨረስኩ። አምስተኛውን ሳጥንም ለወረቀቱ ውበት ስል ምልክት አደረግሁበት።

የመቆጣጠሪያው ክፍል በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደርቆ ከንፈር ይሰነጥቃል። የበሩን እጀታ ስነካ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ሲግኔ ሳቀችብኝና አሁንም እሱን ሹራብ ነው የምትለብሰው አለችኝ። ሌላ ምን ልልበስ? ጉንቮር የሠራችው የመጨረሻው ነው፤ አንገትጌውን የጨረሰችው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው። ከሥሩ የናይሎን ካናቴራ፣ ከላዩ ምንም። ብርድ አይደፍረውም።

ዋፍል ጋግሬያለሁ፣ ቁጭ በል አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። የቀጠረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19

በገና ሰሞን የቀየርኩት ቦርድ፣ የታችኛው መንደር ገበሬ ዘንድ ያለው፣ ሞተ። የፋብሪካው ጥፋት ነው። ዘንድሮ ምን በወጉ ይሠራል? ስልክ እየጠራ ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 24

ቪልዴ ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ከኖቬምበር ወዲህ ተቀይረው በሁለት ወር ውስጥ የሞቱ ቦርዶች ዝርዝር ነው፤ ዘጠኝ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጎን የቀያሪው ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። ሰባቱ ላይ «ቶ» ይላል። ከአምስታችን በ«ቶ» የምጀምር እኔ ቶርጌር ብቻ ነኝ። ማንንም ላለማሳፈር ስም አልጻፍኩም አለች። ምስጋና ይግባት፣ ማንም አላወቀኝም።

ኮሪደሩ ላይ ቦት ጫማዬን ሳጠልቅ ኦድቫር በዳቦና በአይብ በተሞላ አፉ ሲናገር ሰማሁት። ኦድቫር ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። «ቶርጌር የዳሰሰው ቦርድ ወር አይሞላውም» አለ። «ከመቀየሩ በፊት ቄስ ይጠራለት።» ሳቁ። እኔም ከኮሪደሩ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ መስማቴን ይወቁት ብዬ ነው።

ሰባት የሆነው ብዙ ስለምሠራ ነው። መዝገቡን አየሁት፤ ኦድቫር በአራት ሥራ ይበልጠኛል። የእሱ ግን ቀላል ቀላሉ ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 2

የሲግኔ ሮቦት እንደገና ቆመ። ከቀየርኩት ሦስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። የቆመው ትናንት ማታ ነው፤ ተኝተሃል ብላ ሳትደውል ቀርታ ሠላሳ ስምንቱንም ላሞች በአሮጌው የባልዲ ማለቢያ እየጎተተች ስታልብ አድራለች። ስደርስ ክንዷን በሻርፕ አንገቷ ላይ አስራዋለች። የሁለት ላሞች ግት አብጦ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ መድኃኒት ስለተወጉ ወተታቸው ይደፋል። ከአንደኛዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀድሜ ዓይኔን የመለስኩት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ፈለግሁ። የመስመሩን ኃይል ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለካ ቆየሁ፤ ንጹሕ ነው። አይጥ ፈለግሁ፤ የለም። እርጥበት ፈለግሁ፤ ክፍሉ ከብስኩት ይደርቃል። መብረቅ ይሆን ብዬም አሰብኩ፣ በፌብሩዋሪ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልመረመርኩት ነገር የለም።

ሲግኔ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቶርጌር፣ ከደቡብ ላም እየገዛ የሚሰበስብ ሰው ደውሎልኛል። እምቢ አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ከቆመ ግን እምቢ የምልበት ትከሻ የለኝም።»

«አይቆምም» አልኳት። «በእኔ ይሁንብሽ።»

አዲስ ቦርድ አስገባሁ። ማሰሪያው መኪና ውስጥ ነበር። መኪናው ሃያ እርምጃ ይርቃል፣ ውጭው ደግሞ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። ለፍየል ገመድ ማን ሃያ እርምጃ ይሄዳል?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

የመታጠቢያ ክፍሉ አምፖል ተቃጠለ። ጠዋት ልታጠብ በጨለማ ሹራቡን ሳወልቅ ከደረቴ እስከ ክንዴ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ተንጣጣም። በሌሎቹ ሹራቦች ይሄን ስታይ ጉንቮር ባሌ ኮከብ ለበሰ እያለች ትስቅ ነበር። አምፖል መግዛት አለብኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዛሬ ተለካሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለካሁ፣ ዛሬ ተራዬ ደረሰ።

ቪልዴ የእጅ መዳፍ የምታህል መሣሪያ ይዛ ወርክሾፕ መጣች፤ ስትቀርብ ሳትነካ የምትለካ ነገር ናት። እጅጌዬ አጠገብ ያዘቻት።

«ስድስት ሺህ» አለች።

«ስድስት ሺህ ምን?»

«ቮልት።»

እንዲያ ከሆነ ዘንድሮ ለማሞቂያ አልከፍልም፣ ሹራቤን ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ አልኳት። ኦድቫር አፉን በእጁ ያዘ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሰው ላይ ምንም አያደርስም፣ ጉልበት የለውም፤ ቦርዱ ላይ ላሉት ጥቃቅን ነገሮች ግን የዚህ መቶኛው ይበቃቸዋል አለች። ደግሞ ወዲያው አይገድላቸውም። ያቆስላቸዋል። ቦርዱ ደህና መስሎ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያበቃለታል። ስለዚህ ሹራቡን መኪና ውስጥ ትተህ የጥጥ የሥራ ካፖርትህን ልበስ፣ ማሰሪያውንም ባዶ ቆዳህ ላይ እሰረው አለችኝ።

በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀው። ጨርሳ ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ ሹራቡን ማን እንደሠራው ኦድቫር ነግሮኛል፣ አዝናለሁ አለች። ኦድቫር ስለ ጉንቮር የሚያወራበት አፍ ከየት አመጣ? ያንን አይብ ይብላበት።

መሣሪያዋ የተበላሸች ትመስለኛለች።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ቪልዴ፣ ሲግኔ ዘንድ ያለው ቦርድም ቆስሎ ይሆናል፣ ሳይሞት ልሂድና ራሴ ልቀይረው አለች። ሲግኔ ቤተሰቤ ናት፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳት። ማሰሪያውን ታስራለህ አለችኝ። አስራለሁ አልኳት።

ቃሌን ለሰው ሰጥቼ አጥፌ አላውቅም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19

የሲግኔን ቦርድ ስቀይር አሰርኩ። ቃሌን ጠበቅሁ።

ከሹራቡ እጅጌ በላይ ነው ያሰርኩት። በዚያ ብርድ ሹራብ የሚያወልቅ ካለ ይምጣና ያውልቅ፤ የማሰሪያው ብረት ደግሞ ቆዳ ላይ ሲያርፍ እንደ በረዶ ነው። ፎርሙ ላይ «ታስሯል» ይላል፤ ታስሯል። ከሱ ቀጥሎ ስለ ቆዳ የተጻፈው በደቃቁ ነው፣ መነጽሬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር። የከተማ ልጅ በፎርም ከመጣችብኝ እኔም በፎርም እሄድባታለሁ።

ሲግኔ ባትሪ ይዛ ታበራልኝ ነበር። ይሄ ምንድን ነው አለች። የፍየል ገመድ አልኳት።

«ከሹራቡ በላይ ነው የሚታሰረው?»

«አዎ» አልኳት።

ሰው አምና የምትኖር ሴት ናት፤ ባትሪውን ሳታነቃንቅ ያዘችልኝ። ዋፍል አለ አለች። ሥራ አለብኝ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 2

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። ይሠራል። ቪልዴ ሹራቤን ይቅርታ ልትጠይቀው ይገባል።

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ይሠራል። ትናንት ሁለት ጊዜ ደወልኩላት፣ ዛሬ አንድ ጊዜ። ምን ነካህ፣ ድሮ አትደውልም ነበር አለችኝ። የአየሩን ሁኔታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት። እዚያም እዚህም አንድ አየር ነው።

ዓርብ፣ ማርች 8

ቪልዴ በሯን ገርበብ አድርጋ በስልክ ስታወራ በዚያ አለፍኩ። ከዋናው ቢሮ ጋር ይመስለኛል። «አይ፣ አላሰናብተውም» አለች። «እጁ ከሁላችንም ይበልጣል። ጆሮው ነው የሚያስቸግረው።»

ስለ ኦድቫር ይሆናል።

ረቡዕ፣ ማርች 13

ቆመ።

ለእኔ አልደወለችም። ቢሮ ነው የደወለችው። ቪልዴ ሄዳ ዓይታው መጣች፤ እኔ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ተቀምጬ መስታወቱ በትንፋሼ እስኪደበዝዝ ቆየሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ቪልዴ የሲግኔን ሁለት ቦርዶች፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የሞተውንና የትናንቱን፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። መካከለኛውን፣ ሳይሞት የነቀልኩትንም አመጣችው። በማጉያው ተመልከት አለችኝ። ሦስቱም ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ነጥብ አለች። ሦስቱም ላይ አንድ ቦታ ናት።

ያንን ቦታ አውቀዋለሁ። ቦርድ ወደ ማስገቢያው ስገፋ አውራ ጣቴን የማሳርፍበት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አውራ ጣቴ ሌላ ቦታ አርፎ አያውቅም።

ቪልዴ ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ የምመልሰው ነገር አገኝ ነበር። አፈርኩ። ያፈርኩት እሷን አይደለም።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው እንዲህ ነው። ኃይሉን የማጠፋው፣ ጓጉንቸር የምሰቅለው፣ የምለካው፣ አምስት ደቂቃ የምጠብቀው እኔን እንዳይገድለኝ ነው። አምስተኛው ሳጥን ብቻ ነው ለእኔ ያልሆነው። እሱን ነው የዘለልኩት። ፋብሪካውን ከሰስኩ፣ መስመሩን ከሰስኩ፣ በፌብሩዋሪ መብረቅ ከሰስኩ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሲግኔ ደግሞ በቀረላት ትከሻ ባትሪ ይዛልኛለች።

በእኔ ይሁንብሽ ብያት ነበር። በእሷ ሆነ።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ለደቡቡ ሰው የተሸጡትን ላሞች የሚጭነው መኪና የመጣው ጠዋት ነው። እንዳግዝ የጠራኝ የለም። መታጠፊያው ላይ መኪናዬን አቁሜ ከሩቅ አየሁ። ሲግኔ መወጣጫው አጠገብ ቆማ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች ጀርባዋን በግራ እጇ ቸብ እያደረገች አስገባቻቸው። ሁሉም ስም አላቸው። ሠላሳ ስምንቱንም ታውቃቸዋለች፤ እኔ ሁለቱን ብቻ አውቃለሁ፣ እነሱንም ግታቸው ሲያብጥ ነው ያወቅኋቸው።

ወርጄ ልሂድ ብዬ የመኪናውን በር ከፈትኩ። ዘጋሁት። ሲግኔ ባዶው መወጣጫ አጠገብ ስትቀር ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ። ጀግና ነኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 26

ሮቦቱ ለአንድ የሰሜን ገበሬ ተሸጧል፤ ግን ሠርቶ ካላየሁ አልወስድም ብሏል። ቪልዴ ትሄዳለህ ወይስ እኔ ልሂድ አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት። በዚህ ጊዜ ስለ ማሰሪያው አልጠየቀችኝም።

ሹራቡን አጥፌ የመኪናው ወንበር ላይ ተውኩት። የጥጥ ካፖርቱ ለብርድ የማይሆን ልብስ ነው። አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ለካሁ፣ ጠበቅሁ። ማሰሪያውን ባዶ ቆዳዬ ላይ አሰርኩት። ብረቱ ለጥቂት ጊዜ ቀዘቀዘኝ፣ ከዚያ ተወኝ። ይሄ ነበር እንግዲህ ያ ሁሉ ጭንቅ። አዲሱን ቦርድ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከመጣበት ከረጢት አላወጣሁትም፤ ጠርዝ ጠርዙን ይዤ አስገባሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሲግኔ ገብታ የቆመችው ያኔ ነው። በረቱ ውስጥ ድምፅ የሚባል የለም፤ የራሴ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ። ማሰሪያው ከሹራቡ በላይ አይታሰርም። ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቪልዴ ነግራኛለች።»

እየጠበቅሁ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይገባኛል፣ ብትመታኝም ይገባኛል።

«ተናድጄብሃለሁ» አለች። «ገና ብዙ ጊዜ እናደድብሃለሁ። በፌብሩዋሪ ቪልዴ ደውላ ሌላ ሰው ልላክልሽ ብላኝ ነበር። እምቢ፣ እሱ ይምጣ አልኳት።»

«ለምን?»

«ሮቦቱ ካልቆመ አትመጣማ። ጉንቮር ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ፤ አንድ ቀን እንኳ ካቻቪቴ ሳትይዝ መጥተህ አታውቅም።»

ጓጉንቸሬን ፈታሁ፣ ኃይሉን መለስኩ። ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ላም በምትቆምበት ባዶ ቦታ ሥር ተዘረጋ፣ ቀዩን ብርሃን እያበራ ግት ፈለገ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ መጣ፣ እንደገና ጀመረ። አንዴ እንኳ አልተንገዳገደም። እንደዚህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

«ሠራ?» አለች።

«ሠራ።»

ላጠፋው እጄን ስሰድድ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው» አለች። «ትንሽ ይፈልግ።»